ሲምፎኒ ስሰማ ሐሳቤ ይበተናል፣ ያነበብኩት መጽሐፍም ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 17 ነው። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው መጽሐፍ ማንበብና ክላሲካል ሙዚቃ መስማት ነው። ነገር ግን በሁለቱም ሰነፍ የሆንኩ ይመስለኛል። ሲምፎኒ ከፍቼ ቁጭ ስል ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ስመለስ የት እንደደረሰ አላውቅም። ልብ ወለድ አንብቤ ከጨረስኩ ወር ሳይሞላ የገጸ ባሕርያቱ ስም እንኳ ይጠፋብኛል። ሙዚቃ እየሰማሁ ሳነብ ደግሞ ይብሳል። የሙዚቃዎቹ ስም ቁጥርና ፊደል ስለሚበዛበት የወደድኩትን መልሼ ማግኘት ያቅተኛል። አንዳንዱን ስሰማ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ «አዋቂ ለመምሰል ነው» ይሉኛል፤ አንዳንዴ እውነታቸውን ይሆን እላለሁ። በየቀኑ ለሰዓታት በጆሮ ማዳመጫ መስማቴ ጆሮዬን ይጎዳው ይሆን? ፒያኖ መማርም እመኛለሁ፣ ግን የረፈደብኝ መሰለኝ።

ምላሽ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብኩት። ሥራዬ ሙዚቃ እንዴት እንደሚደመጥ ማስተማር ነው፤ ከሥራ የሚተርፈኝን ጊዜ ደግሞ መጻሕፍት ይወስዱታል። ስለዚህ የዘረዘርሻቸው ችግሮች ለእኔ እንግዳ አይደሉም፤ በየዓመቱ ከተማሪዎች አፍ የምሰማቸው ናቸው። ስንፍና ግን አላየሁባቸውም። ያየሁት ሰፊ ዓለም በአንድ ጊዜ ተከፍቶላት ሁሉንም ካልያዝኩ ብላ የምትሮጥ ወጣት ነው። አብዛኛው ጭንቀትሽ ከዚህ ሩጫ የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች በምጽፈው ሁሉ ውስጥ የምትሰሚው ምክር አንድ ነው፦ የምትሰሚውንና የምታነቢውን ቁጥር ቀንሺ፣ የመረጥሽውን ግን ደጋግሚ።

ከሲምፎኒው እንጀምር። ዛሬ አንድን ሥራ በፈለግሽው ሰዓት፣ የፈለግሽውን ያህል ጊዜ መስማት ትችያለሽ። ይህ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ኤዲሰን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን መሣሪያ የሠራው በ1877 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ በፊት ሲምፎኒ ለመስማት ኦርኬስትራ በተሰበሰበበት ቦታ መገኘት ግድ ነበር። ሙዚቃ ወዳድ ቤተሰቦች ሲምፎኒዎቹን ለማወቅ ሲሉ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ፒያኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአራት እጅ እንዲጫወቱት ሆኖ የተዘጋጀ ኖታ (በወረቀት ላይ የተጻፈ ሙዚቃ) እየገዙ በየቤታቸው ይጫወቱ ነበር። አቀናባሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። አድማጩ ያለው ትዝታው ብቻ እንደሆነ ስለሚያውቁ ዋናውን ሐሳብ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ያሰሙታል፤ ብዙ ጊዜም ያ ክፍል ሙሉውን እንዲደገም በኖታው ላይ ያዝዛሉ፤ ከዚያ ሐሳቡን ይሰባብሩታል፣ ያርቁታል፣ በመጨረሻም መልሰው ያመጡታል። ስለዚህ ሐሳብሽ ሄዶ ሲመለስ ሁሉ ነገር አመለጠኝ ብለሽ አትዘኚ። ያመለጠሽ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ እንዲመለስ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ይህን በቅርብ እንድታዪው አንድ ሥራ ልምረጥልሽ፦ የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ፣ እርሱም የመጀመሪያው ክፍል ብቻ። ርዝመቱ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሥራ መሆኑ አያሳፍርሽ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። መጀመሪያ ስትሰሚው ሌላውን ሁሉ ተዪና ሥራው የሚከፈትባቸውን አራት ኖታዎች (ድምፆች) ብቻ ያዢ፦ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። በሰማሻቸው ቁጥር በጣትሽ ጠረጴዛውን ምቺ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሆርኖቹ (ከናስ የተሠሩት ጥምዝ የትንፋሽ መሣሪያዎች) ብቻቸውን ጮክ ብለው ሲጣሩ ትሰሚያለሽ፤ ተከትሎም ቫዮሊኖቹ ለስላሳ የሆነ፣ ከቅድሙ ቁጣ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው የሚመስል ዜማ ይጀምራሉ። እዚህ ላይ አብዛኛው አድማጭ አራቱን ኖታዎች ይረሳቸዋል።

ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሚ ይህ ለስላሳ ዜማ ሲደርስ ጆሮሽን ከቫዮሊኖቹ ላይ አንሺና ወደ ታች፣ ወፍራም ድምፅ ወዳላቸው የክር መሣሪያዎች፣ ወደ ቼሎዎቹና ወደ ኮንትራባሶቹ አውርጂው። ዜማው ባረፈ ቁጥር ከሥሩ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም ይላሉ። አልሄዱም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሆርኖቹ ጥሪ ተቆርጦ ሁለት ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያም አንድ ብቻ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹና የክር መሣሪያዎቹ ያንን አንድ ድምፅ እየተቀባበሉ፣ ድምፃቸውም እየከሰመ ይሄዳል። መተንፈስ የደከመው ሰው ይመስላል፤ ድንገትም ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ይመለሳል።

ሦስተኛ ጊዜ ስትሰሚ ከዚህ መመለስ በኋላ ያለውን ጠብቂ። ሁሉም መሣሪያ ይቆምና ኦቦው (ቀጭን ድምፅ ያለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ) ብቻውን ይቀራል። አንዲት አጭር፣ ዝግ ያለች፣ እንደ ልመና ያለች ሐረግ ተጫውቶ ዝም ይላል። መጀመሪያ ላይ ይህ አልነበረም። ከዚያም የሆርኖቹ ጥሪ የሚመለስበት ቦታ ሲደርስ ልብ በዪ፦ ቤትሆቨን በዚህኛው ጊዜ ጥሪውን የጻፈው ባሱን ለተባለው፣ ወፍራም ድምፅ ላለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ ነው። የዘመኑ ሆርን ቁልፍ ስላልነበረው በአንድ ቅኝት ተቃኝቶ ይጫወታል፤ ዜማው ወደ ሌላ ቅኝት ስለተዛወረ ሆርኖቹ ጥሪውን እንደ ፊተኛው ለማሰማት አይመቻቸውም ነበር። ዛሬ መሣሪያው ተሻሽሏል፤ ስለዚህ አንዳንድ የኦርኬስትራ መሪዎች ቦታውን ለሆርን ይሰጡታል፣ ሌሎች እንደተጻፈው ለባሱን ይተዉታል። አንቺ የምትሰሚው ቅጂ የትኛውን እንደመረጠ በራስሽ ጆሮ መለየት ትችያለሽ። ይህን በለየሽ ቀን «ሲምፎኒ አይገባኝም» የሚለውን አቤቱታሽን ታነሺዋለሽ ብዬ አምናለሁ።

ሦስቱንም ጊዜ ብትደምሪው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አዲስ ሲምፎኒ ከፍተሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የሚቀርሽ ድካም ብቻ ነበር። ሰው በማያውቀው ሰፈር መጀመሪያ ሲያልፍ መንገዱ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ግን ማዕዘኑን፣ ዛፉን፣ ጠመዝማዛውን ያውቃል። ጆሮም እንዲሁ ነው። የሙሉ ሲምፎኒውን አራት ክፍሎች በአንድ ቁጭታ የመስማት ግዴታ የለብሽም። አንዱን ክፍል ለሳምንት ያዢው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂጂ፤ በመጨረሻ አራቱን አያይዘሽ ስሚ።

ሐሳብሽ ሲሄድስ? ይሄዳል። የእኔም ይሄዳል፣ የማንም ይሄዳል። ሲመለስ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አትክፈቺው፤ ራስን የመቅጣት ልማድ ይሆንብሻል። ባለሽበት ቦታ ሆነሽ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ ይህን ቅድም ሰምቼዋለሁ ወይስ አዲስ ነው? መልሱ ቢሳሳትም ግድ የለም፤ መጠየቁ ራሱ ጆሮን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። ስልክሽ ስክሪኑ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጥ፤ ዓይን ሲያነብ ጆሮ ይተኛል።

ስለ መደጋገም ካነሳሁ አንድ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። የቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1890፣ ባርሴሎና ውስጥ ያገለገሉ ኖታዎች በሚሸጡበት ሱቅ የአቀናባሪውን የባኽን ስድስት የቼሎ ስዊቶች (እያንዳንዳቸው ከተከታታይ አጫጭር ክፍሎች የተሠሩ ሥራዎች) አገኘ። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሰው እንደ መለማመጃ ነበር የሚያያቸው። ልጁ ወደ ቤቱ ይዟቸው ሄደና ከአሥር ዓመት በላይ በየቀኑ ካጠናቸው በኋላ ነው በሕዝብ ፊት የተጫወታቸው። ስድስቱንም በድምፅ ያስቀረጻቸው ከ1936 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት ነው። ዛሬ የቼሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሌላ አዲስ ነገር ከመፈለግ ይልቅ በእነርሱ ላይ ስለቆየ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ንባብና ሙዚቃ በአንድ ላይ እንሂድ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚጠፋፉብሽ በድካም ምክንያት አይደለም። የዘፈን ቃል ያለበት ሙዚቃ (ኦፔራም ሆነ መዘምራን) ገጹ ላይ ያለውን ቃል በምታስተናግጂበት የአእምሮ ክፍል ይገባል፤ ቋንቋውን ባታውቂው እንኳ ጣልቃ መግባቱ አይቀርም። በመሣሪያ ብቻ የሚቀርበው ጉዳቱ ያነሰ ነው። አንቺ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ፦ ሙዚቃውን ትወጂዋለሽ። ለማይወደው ሰው ከጀርባ የሚቀር ድምፅ ለአንቺ ከፊት ይመጣል። ስለዚህ ለአንቺ የምመክረው መለየት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል አንድ የምታውቂውን ሥራ በደንብ ስሚ፣ ዝጊው፣ ከዚያ መጽሐፉን ክፈቺ። ሙዚቃ ካልሰማሁ አላነብም የሚል ልማድ ከያዘሽ ደግሞ በጣም የለመድሽውን፣ ድምፁ ድንገት የማይጮህና ድንገት የማይጠፋ ሥራ ምረጪ። አስቸጋሪ መጽሐፍ በያዝሽ ቀን ግን ዝምታን የሚተካ ነገር የለም።

እግረ መንገዴን፣ ሞዛርትን መስማት ብልህ ያደርጋል የሚባለውን ሰምተሽ ይሆናል። መነሻው በ1993 የታተመ ጥናት ነው። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ ለአሥር ደቂቃ ሰምተው ቅርፅን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ሲሰጣቸው ለአጭር ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ፣ ውጤታቸው ከፍ አለ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ያመጣው በአብዛኛው ነቃ ማለትና ደስ መሰኘት እንደሆነ አሳዩ። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ሞዛርትን ለፈተና ውጤት ብሎ የሚሰማ ሰው ዋናውን ነገር አጥቶታል።

ስለ መርሳት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ፣ የተማርነው ነገር በአብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው እየቀነሰ ይሄዳል። የገጸ ባሕርያት ስም ቶሎ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ስም ብቻውን ትርጉም የሚሸከም ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ አይደለም። መጽሐፉ ስለ አንድ ሰው ያለሽን አስተያየት ከለወጠ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የነበረው ብርሃን ወይም የአንዲት እናት ዝምታ ከቀረሽ፣ መጽሐፉ አልጠፋም።

የበለጠ እንዲቀርልሽ ከፈለግሽ ግን መንገድ አለ፣ መንገዱም ከለመድሽው የተለየ ሊሆን ይችላል። በ2006 የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት በተማሪዎች ላይ ሁለት መንገዶችን አነጻጸረ፦ በአንዱ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ፣ በሌላው ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከትዝታቸው የጻፉት በግልጽ በለጡ። ስለዚህ ምዕራፍ ስትጨርሺ መጽሐፉን ዝጊውና ሳትገልጪው ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ ምን ሆነ፣ ማን ተለወጠ፣ ምን አልገባኝም። ቢጎድል ይጉደል፤ ለማስታወስ መታገሉ ነው የሚያስቀረው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴይን ትዝታው ደካማ እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጨረሰበትን ቀንና ስለ መጽሐፉ ያደረበትን ፍርድ ይጽፋል። አንቺም አንድ ደብተር ያዢ፣ ለመጽሐፉም ለሙዚቃውም አንድ ይሁን። ቀኑን፣ ርዕሱን፣ የቀረሽን አንድ ነገር፣ ቃል በቃል የገለበጥሽውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከነገጹ። ለሙዚቃ ደግሞ «በአራተኛው ደቂቃ ኦቦው ብቻውን ቀረ» ያህል ይበቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የወደድሽውን አንድ መጽሐፍ እንደገና አንብቢ፤ ያን ጊዜ የተለወጠው መጽሐፉ ሳይሆን አንቺ መሆንሽን ደብተሩ ይነግርሻል። ጀምረሽ ያልጨረስሽው መጽሐፍ ካለ ተዪው፤ ዕዳ የለብሽም።

ቁጥሮቹና ፊደሎቹ ከሚመስሉት ይቀላሉ። «ኦፐስ» አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የታተመበትን ተራ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የተጻፈበትን ተራ ሁልጊዜ አያሳይም። ለምሳሌ የቤትሆቨን ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ በመሠረቱ ከአንደኛው በፊት የተጻፈ ነው፤ ኋላ ስለታተመ ነው ሁለተኛ የተባለው። የሞዛርት «ኬ» ሉድቪግ ፎን ኬኸል በ1862 ያሳተመው ዝርዝር ነው፤ ሥራዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ስለደረደረ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞዛርት ልጅ እንደነበረ መገመት ትችያለሽ። የባኽ «ቢ ደብሊው ቪ» ግን በ1950 የወጣ ሲሆን በሥራው ዓይነት የተደረደረ ነው፤ ስለ ዕድሜ ምንም አይነግርሽም። የቼሎ ስዊቶቹ ከ1007 እስከ 1012 ተከታትለው የተቀመጡት ለዚህ ነው። ለሹበርት «ዲ» አለው፤ እርሱም በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ደብተርሽ ላይ አቀናባሪውን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ቅኝቱንና ይህን ቁጥር ከጻፍሽ ሥራው አይጠፋብሽም። የተጫዋቹን ስም ግን አትርሺ፣ ምክንያቱም ቅጂ ከቅጂ በጣም ይለያያል። የፒያኖ ተጫዋቹ ግሌን ጉልድ የባኽን የጎልድበርግ ልውጠቶች (አንድ ሐሳብ በብዙ መልክ የሚለዋወጥበትን ሥራ) በ1955 ሲያስቀርጽ 38 ደቂቃ ገደማ ፈጀበት፤ ያንኑ ሥራ በ1981 ሲደግመው 51 ደቂቃ ገደማ። አንድ ሰው፣ አንድ ኖታ፣ 26 ዓመት በመካከል። ሁለቱን የመጀመሪያ ዜማ ብቻ እያፈራረቅሽ ስሚያቸው።

የጆሮሽን ነገር በቁም ነገር እይው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ለልጆች 75። ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደርስ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነው። ክላሲካል ሙዚቃ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ዝቅ ያለው ክፍል በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ጫጫታ ባለበት መንገድ ላይ እርሱን ለመስማት ድምፁን ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ትሮምቦኑና ከበሮው በዚያው ከፍታ ጆሮሽ ላይ ይወርዳሉ። ስለዚህ መጠኑን በጣም ጮክ ባለው ቦታ ላይ ለክተሽ አስተካክዪ፣ ከዚያ በኋላ አትንኪው። ዝቅ ያለው ካልተሰማሽ ቦታው ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም ማለት ነው፤ ጸጥ ወዳለ ክፍል አቆዪው። ከሰማሽ በኋላ ጆሮሽ ውስጥ የሚጮህ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካለ እረፍት ስጪው፤ ካልተወሽ ሐኪም ይይሽ።

ማልቀስሽን «ያለ ምክንያት» አልሽው። ምክንያት አለው። በ1991 በታተመ ጥናት ሰዎች እንባቸው የሚመጣበትን ቦታ በሙዚቃው ውስጥ እንዲያመለክቱ ተጠይቀው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የተጠቆሙት ዜማው ከኮርዱ (ከሥሩ በአንድ ላይ ከሚሰሙት ድምፆች) ጋር በማይገጥም ኖታ ላይ ጥቂት ተደግፎ ከዚያ ወደሚገጥመው የሚወርድባቸው ቦታዎች ናቸው። ጥቂት መጓተት፣ ከዚያ መለቀቅ። በ2001 ደግሞ ተመራማሪዎች ሰዎች ራሳቸው የመረጡትን፣ ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን ሙዚቃ እየሰሙ አንጎላቸውን ሲመረምሩ ከደስታ ጋር የተያያዙት ክፍሎች ሲነቁ አይተዋል። ስለዚህ እንባሽ የጤና ነው፤ በደንብ ለመስማትሽም ምልክት ነው። የምለይልሽ አንድ ነገር ብቻ አለ። ሙዚቃው ሲያልቅ ልብሽ ቀለል ካለው መልካም። ኀዘኑ ሙዚቃው ካለቀ በኋላም ለሳምንታት አብሮሽ ከዋለ፣ እንቅልፍሽንና የምግብ ፍላጎትሽን ከወሰደ፣ የምትወጃቸው መጻሕፍት እንኳ ካስጠሉሽ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ከሙዚቃው አይደለምና ለምታምኚው ትልቅ ሰው ወይም ለሐኪም ሳትዘገዪ ንገሪ።

ስለ ጓደኞችሽ ደግሞ። ማስመሰል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አንቺው በቀላሉ ማወቅ ትችያለሽ፦ ማንም ሳያይሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ ወደዚያ ሥራ ትመለሻለሽ? ከተመለስሽ ፍቅር ነው። አቀናባሪው ፌሊክስ ሜንደልሶን ገና በወጣትነቱ ከአያቱ የባኽን የቅዱስ ማቴዎስ ሕማማት (ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ትልቅ ሥራ) ቅጂ ተቀበለ። ባኽ ከሞተ (1750) ጀምሮ ያ ሥራ በአብዛኛው ተረስቶ ነበር። ሜንደልሶን በመጋቢት 1829 በርሊን ውስጥ አዘጋጅቶ ሲመራው የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ዕድሜ ላልጠገበ ሰው አሮጌ ነገር መውደድ አያምርበትም የሚል ሰው ቢኖር ይህ ይበቃዋል። ነገር ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ ጓደኞችሽ የሚወዱትን ሙዚቃ አትናቂ። ንቀት ከገባ የእነርሱ ወቀሳ እውነት መሆን ይጀምራል። የሚወዱትን አሰሙኝ በያቸው፣ በትኩረት ስሚላቸው፣ ምን እንደወደድሽበት ንገሪያቸው። ከዚያ የአንቺን አንድ አጭር ነገር አሰሚያቸው፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ ያለ ማብራሪያ። ከአሥር አንድ ሰው «ድገሚው» ካለሽ የሙዚቃ ጓደኛ አግኝተሻል፤ አንድ ሰው ደግሞ በቂ ነው።

በመጨረሻ ፒያኖው። እውነቱን ልንገርሽ፦ በ17 ዓመቷ ከባዶ የምትጀምር ሰው በአምስት ዓመታቸው ከጀመሩት ጋር ተወዳድራ በትልልቅ መድረክ ብቸኛ ተጫዋች መሆኗ እጅግ የማይመስል ነው። አቀናባሪው ቻይኮቭስኪ ሕግ ተምሮ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ሠርቶ፣ በ1862 በ22 ዓመቱ ነው ኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) የገባው እያሉ ያጽናኑሽ ይሆናል፤ እርሱ ግን ከልጅነቱ ፒያኖ ይጫወት ነበር። አንቺ የጠየቅሽው ግን ስለ መድረክ አልመሰለኝም። የምትወጂውን ሥራ በገዛ እጅሽ መጫወት ከሆነ የምትመኚው፣ አልረፈደም፤ እንዲያውም በ17 ዓመት የምትጀምር ሰው ለምን እንደምትማር ስለምታውቅ ኖታ ማንበብን ከሕፃን ቶሎ ትይዘዋለች። በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተለማመጂ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት አስተማሪ ይኑርሽ፣ ምክንያቱም የእጅ አያያዝና የትከሻ ውጥረት በመጽሐፍ አይታረምም፤ አንዴ ከጠመመ ለማቅናት ዓመት ይፈጃል። ፒያኖ ከሌለ የቁልፎቹ ክብደት የፒያኖን የሚመስል ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይበቃል። እርሱም እስኪገኝ የመዘምራን ቡድን ግቢ፤ ድምፅሽ ያለ ክፍያ የተሰጠሽ መሣሪያ ነው፣ ጆሮንም ከሁሉ በላይ የሚያሠለጥነው እርሱ ነው።

መሣሪያ ሳትይዢም ዛሬውኑ መጀመር የምትችይው አንድ ነገር አለ። ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸው አቀናባሪዎች ኖታ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የዚያን የአምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ኖታ አውጪ። አሁን ማንበብ አትችዪም፤ ግድ የለም። ሙዚቃውን ክፈቺና የአንደኛ ቫዮሊኖቹን መስመር በጣትሽ ተከተዪ፣ ሲጠፋብሽ ሁሉም መሣሪያ ዝም የሚልበትን ቦታ ፈልጊና እዚያ ጠብቂው። በገጹ ላይ ባዶ መስመሮች መካከል የኦቦው ብቻ ተጽፎ ስታገኚ ባለሽበት ቁሚ፣ የገጹን ቁጥር ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ በሚቀጥለው ቀንም ከዚያው ገጽ ቀጥዪ።